ልሂድ ወይስ ልቅር?

አንባቢ ሆይ፤ ቦሌ አካባቢ የምትኖር እንደሆነ የአውሮፕላኑ ድምፅ ልብህን ይዞት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ የገርጂ ወጣት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ከውጭ አገር «ተቀብለንሃል» የሚል ደብዳቤ ይዞ መጣና ምክር ጠየቀኝ። አነበብሁት። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ተጽፏል፤ የሁለተኛው ግን የለም። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብዬ ብጠይቀው «አባቴ ቤቱን ይሸጣል» አለኝ።

ሙሉ ወጪው የተቻለለት ሰውስ ምን ቆሞ ይጠብቃል? ይሂድ እንጂ! ቤት የሚያሸጥ ጉዞ ግን ሌላ ነው። ደጃፍህን ተመልከት፤ በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ሲኤምሲ መንገድ ላይ ነው፤ መምህርነት ለሚወድ ኮተቤ አለ፤ ምህንድስና የሚሻም እስከ ቂሊንጦ ይውረድ። (የታክሲውን ሰልፍ እኔም አልወደውም።) እርግጥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የአገር ቤቱ ተማሪ የመውጫ ፈተና አለበት። የውጭውም ዲግሪ ቢሆን እዚህ ለሥራ ሲቀርብ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻነቱን ሊያረጋግጥለት ያስፈልጋልና፣ ገንዘብ ከመላክህ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም ይዘህ እዚያ ጠይቅ።

ወጣቱ የሁለተኛውን ዓመት ሒሳብ እንዲያስታውቁት ጽፎላቸዋል። ቤቱ እስካሁን አልተሸጠም።