አውራ ጣታችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት

ወንድሞቼ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፤

በመጪው የማኅበራችን ጉባኤ የምንፈርመው ውል ሦስት ወገን በማሳችን ላይ እንዲያዝ የሚያደርግ ነው። መንግሥት ማሳችንን በኩታ ገጠም አሰባስቦ ባለሙያ ይመድባል፤ ዩኒየናችን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያቀርባል፤ የብቅል ፋብሪካው የቢራ ገብሱን ይረከባል። ነገሩን አልጠላሁትም። ቁራሽ መሬት ብቻውን ለሚያርስ ሰው ኮምባይነር እንደማይመጣለት አውቃለሁ። የምፈራው እኛን ሽማግሌዎቹን ነው፤ እኛ ከፈረምን ጎረምሳው ሳያነብ ይፈርማል።

በደርግ ጊዜ የነበረውን የወልባን፣ የአምራቾች ማኅበሩን ዘመን አትረሱትም። መሬቱም በሬውም ለማኅበር ገባ፣ የሥራ ነጥብ ተቆጠረልን፣ እህሉን ግን የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በኮታና መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ወሰደው። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኛው ማኅበር ብዙ ወራት አልቆየም፤ ገበሬው መሬቱን ተከፋፍሎ በሬውን እየነዳ ተበተነ። ላቡ የእኛ፣ ዋጋ መቁረጡ የሌላ ሲሆን አብሮነት አይጸናም።

ዛሬ ያ ኮታ የለም። ውሉ ውስጥ ግን «ጥራት» የሚል አንቀጽ አለ። የቢራ ገብስ ፕሮቲኑ ከበዛ ለብቅል አይመችም፤ ዩሪያ ሲበዛ ወይም ዘግይቶ ሲጣል ደግሞ ፕሮቲኑ ይጨምራል። መጠኑን የሚነግረን ባለሙያው ነው፤ ዩሪያውን የሚያበድረን ዩኒየኑ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ጆንያው በሹል ብረት ተወግቶ ናሙና ወጥቶ «አይሆንም» ሲባል ግን ጭነቱን ይዞ የሚመለሰው ገበሬው ብቻ ነው። የመኪናውን ኪራይ ይከፍላል፤ የማዳበሪያው ዕዳም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል። በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ወጥቷል፤ ውላችንም በእርሱ ይመዘን። ዋጋው መቼና በማን እንደሚቆረጥ ይጻፍ። ናሙና ሲወሰድ የእኛም ሰው ይቁም፤ ከናሙናው ግማሹ ታሽጎ በማኅበራችን እጅ ይቀመጥ። የባለሙያውን ምክር የተከተለ ገበሬ ገብሱ ቢመለስበት፣ ወይም ውርጭና በረዶ ቢመታው፣ ዕዳው እንዴት እንደሚከፋፈል ይታወቅ። ማሳችን በአንድነት ቢታረስም የድንበር ድንጋያችን አይነቀል፤ የይዞታ ደብተራችንም ከሳጥናችን አይውጣ።

ለራሳችንም የምለው አለኝ። ነጋዴ ጥቂት ብር ጨመረልን ብለን የተዋዋልንበትን ገብስ በሌሊት የምናሾልክ ከሆነ፣ ነገ ስንበደል የምንከራከርበት አፍ አይኖረንም። ዩኒየኑም ብድሩን የሚመልሰው በዚያው ገብስ ነው፤ እርሱ ከወደቀ ለከርሞ ዘር የሚያመጣልን የለም።

ውሉ በጉባኤው ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብ። ኪሳራ ሲደርስ ማን ምን እንደሚከፍል በግልጽ ካልሰፈረ እኔ አልፈርምም። እናንተም አትፈርሙ፤ ልጆቻችሁንም ከልክሉ።