በብሩሽ በተቀባች መኪና አትሳቁ

ባለፈው ክረምት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚኒባስ እየሄድን ነበር። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ዳባት ከተማ ስንደርስ ረዳቱ ሰው ሊያወርድ አስቆመ። መንገዱ ዳር አንዲት ኮሮላ ዲኤክስ ቆማለች። ሰማያዊ ናት። ሰማያዊነቷ ግን ከቶዮታ ፋብሪካ የመጣ አይደለም፤ የቆርቆሮ በር የሚቀባበት የዘይት ቀለም ነው። ያውም በብሩሽ! የብሩሹ ፀጉር የሄደበት መስመር ከተቀመጥንበት ድረስ ይታያል። ከፊታችን የነበሩ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሷት። «ይቺማ የግቢ በር ናት፣ ጎማ ገጥመውላት ነው» አለ አንዱ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ከሁሉም በላይ የሳቅነው እኛ ነን።

ከዳባት ወጣ እንዳልን ዝናቡ ወረደ። ሾፌሩ አንድ ትልቅ ኩሬ ላይ ዘው ሲል ውሃው ከታች ተፈናጥሮ ጫማችንን ሞላው። ከታች! የወለሉን ላስቲክ ገለጥ ስናደርግ አስፋልቱ በእግራችን ስር ሲሮጥ አየነው። ወለሉ በዝገት ተበልቶ መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል። በነገራችን ላይ ይቺ ሚኒባስ ከውጭ ስትታይ ታበራለች። ነጭና ሰማያዊዋ እንደ ሙሽራ ነው። ረዳቱ ደንግጠን ሲያየን አጽናናን፤ «አይዟችሁ፣ ቦሎ ከወሰደች ገና ወሯ ነው።»

እንግዲህ ፍረዱ። ሊሳቅበት የሚገባው የትኛው መኪና ነበር?

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ርካሽ ቀለም ነውር አይደለም። ጊዜያዊ ቀለምም ነውር አይደለም። ነውሩ ቀለሙ የሚደብቀው ነገር ነው። እኛ ግን በድህነቱ ያልዋሸውን ሰው እየሳቅንበት፣ በሚያብረቀርቅ ውሸት ውስጥ ከፍለን እንሳፈራለን።

«ለምን አዲስ መኪና አይገዙም?» የሚል የቦሌ ልጅ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር አይገባም፣ ኤሌክትሪክ ግዙ አለን። ሐሳቡ ክፉ ነው አላልንም። ግን መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ የሚፈልግ ቤተሰብ ኤሌክትሪክ መኪና ይገዛል ብሎ መጠበቅ ቀልድ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ከእኛ በዕድሜ የምትበልጥ ዲኤክስ እንደ ወርቅ ተወደደች። ያለው ያለችውን ይዞ ቀረ። አሮጌ መኪና እንድንነዳ የሚያደርግ ሕግ ካወጣን በኋላ፣ አሮጌ መኪና በነዳው ላይ መሳቅ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ነው።

ለነገሩ በዚያ አገር ቀለም ራሱ ቶሎ ያረጃል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2800 ሜትር አያንስም። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳችንን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የመኪናውንም ቆዳ እንዲሁ። ቀይ የነበረው ሮዝ ይሆናል፣ ጥቁሩ አመድ ይመስላል። በዚያ ላይ የክረምቱ በረዶ አለ። በዚያ ላይ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የሚወስደው የፓርኩ መንገድ ጠጠር አለ፤ እያንዳንዱ ጠጠር ቀለሙን ነክሶ ብረቱን ያራቁታል። የተራቆተ ብረት ውሃ ካገኘ ይዝጋል። ስለዚህ ቀለም እዚያ ቅንጦት አይደለም። የብረቱ ጋቢ ነው። ጋቢ ደግሞ ቢጣፍም ይሞቃል።

በሳምንቱ ስንመለስ ዳባት ወረድን። ሕሊናችን ቆረቆረን መሰለኝ። የሰማያዊዋን ዲኤክስ ባለቤት ጠያይቀን አገኘናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «ጋሼ፣ ለምን በብሩሽ?» አልናቸው።

«በኮምፕረሰር የሚቀባኝ ሰው የጠራው ብር አራት ጎማ ይገዛል» አሉን። «ጎማውን ገዛሁበት።»

ዝም አልን።

ከዚያ እንደ ተማሪ አቁመው አስረዱን። መጀመሪያ መኪናዋን በሳሙና አጥበው ቅባቷን በቤንዚን ጠረጉ። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር ፈተጉት። በደረቁ መፈተግ አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። (አገራችን ቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ ላይ የገደበችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዲኤክሷ ከዚያ በፊት ስንቴ እንደተቀባች ማን ያውቃል?) የዛገውን ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት። በሩ ሥር የተበላውን ክፍል በያጅ ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደበት። በላዩ ላይ አንቲረስት ቀቡ። ከዚያ ነው ቀለሙ የመጣው፤ በቲነር ሳሳ ተደርጎ፣ ሦስት ጊዜ በስሱ። የሚቀቡት ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ብቻ ነበር። ጠዋት ብረቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ቀለሙ አይይዝም፤ ወደ ማታ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል። በየመሀሉ አንድ ቀን ያደርቃሉ፣ በስሱ ይፈትጋሉ፣ ይደግማሉ። ቀለሙን ለምን ሰማያዊ አደረጉት? «ሊብሬው ሰማያዊ ይላላ!» ሕግ አክባሪ ናቸው። ኮፈኑ ላይ የደረቀችውን ዝንብ ስናሳያቸው ግን ተቆጡ፤ «እሷ የእኔ ጥፋት አይደለችም።»

መስታወቱን የሸፈኑት በጋዜጣ ነው። ከኋላው መስታወት ጠርዝ ተጣብቆ የቀረ ቁራጭ አየንና ቀረብ ብለን አነበብነው። «አዲስ ዘ» ይላል። አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ዘመን! ጋዜጠኝነት ተምረን ስንመረቅ «ለኅብረተሰቡ ሽፋን ትሰጣላችሁ» ተብለን ነበር። ይኸው ሙያችን ለመስታወት ሽፋን ሰጠ። ቢያንስ እዚህ ጋ የተሸፈነው ነገር መሸፈን የነበረበት ነው።

ጋሼ አላጋነኑም። ይሄ ቀለም ጊዜያዊ መሆኑን ራሳቸው ነገሩን። ፀሐዩ በአንድ በሁለት ዓመት ያፈዘዋል። ብር ሲያገኙ በደንብ ላስቀባት ቢሉ ይሄኛው መጀመሪያ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ የዘይት ቀለም ላይ ናይትሮ ቢረጭበት ይሸበሸባል፣ እንደ ወተት አናት ይነሳል። ርካሽ ነገር ዋጋው ኋላ ይመጣል። እሳቸው ግን ዋጋውን አውቀው፣ ማንንም ሳያታልሉ ገቡበት።

አሁን ወደ ሌላኛው ቀለም እንምጣ።

የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ፖርቶ መጋላ፣ ባትላሜራ። ጣልያን ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ሠርቶ፣ በመስከረም 1934 ወልቀፊት ላይ እጁን ሰጥቶ ሲወጣ መንገዱንና ቃላቱን ትቶልን ሄደ። ከቃላቱ ሁሉ አገር የወረሰው ግን አንዱን ነው፤ ስቱኮ። ስቱኮ በራሱ ጥፋት የለበትም። ትንሽ ጎድጓዳን ለማስተካከል የተሠራ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ዝገት ሳይቆረጥ፣ ቀዳዳ ሳይበየድ፣ ካርቶንና ወንፊት ተወትፎበት በላዩ ላይ ስቱኮ ሲመረግ ነው። ከዚያ በኮምፕረሰር ይረጫል፣ ይወለወላል፣ ደላላው «አንድ እጅ የነዳት፣ የዶክተር መኪና» ይላል።

አጎታችን የዶክተር መኪና ገዝቶ ያውቃል። መስከረም ላይ ታበራ ነበር። አንድ ክረምት አልፎባት በሮቿ ሥር ብጉር አወጣች። ስቱኮ ውሃ ይመጣል፤ ከሥሩ ያለው ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጥና ቀለሙን ገፍቶ ያነሳዋል። በጥፍሩ ቢጭረው እንደ ቂጣ ተነሳ። ከሥሩ ብረት አልነበረም። ብረት በነበረበት ቦታ ወሬ ብቻ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮሮላ እንደ ላንድክሩዘር ለብቻው ሻንሲ የላትም። ቦዲዋ ራሱ አጥንቷ ነው። በሯ ሥር ያለው ብረት ከተበላ የተበላው ጌጥ አይደለም፣ ወገቧ ነው። ሊማሊሞን ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርድ፣ በአንድ በኩል ገደል በአንድ በኩል ግድግዳ ሆኖ፣ የያዘህ ብረት ነው ወይስ ስቱኮ? ገደሉ ቀለም አያይም።

«ታዲያ ምርመራው የት ሄደ?» ትሉን ይሆናል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለን። መኪና በየዓመቱ ይመረመራል። ግን ጋሼን መርማሪው ምን እንዳላቸው ታውቃላችሁ? «ፍሬንዋ ደህና ነው፣ ግን ቀለሟን አስተካክለው ይምጡ።» የእኛዋ ወለል የሌላት ሚኒባስ ደግሞ ቦሎዋን ለጥፋ ትበራለች። ዓይን የሚገርፈው ላይኛውን ነው፣ ላስቲኩን የሚገልጥ የለም። ይሄ አመል የመኪና ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግዳ ሲመጣ በመንገድ በኩል ያለውን አጥር ብቻ የሚያስቀባ መሥሪያ ቤት ሁላችንም እናውቃለን። ከተሜነት ማለት ፊት መቀባት ሆኖ ቀረ።

የሚያብረቀርቀው ቀለም የሚያስከፍለው ሌላም ሰው አለ፤ የሚረጨው ልጅ። ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚረጨው ዘመናዊ ቀለም አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለው፤ ጉሙን ደጋግሞ የሳበ ሰው አስም ይይዘዋል፣ አንዴ ከያዘው ደግሞ ጥቂት ሽታ ሲያገኝ እንኳ ትንፋሹ ይዘጋል። እኛ ያየነው ልጅ አፍንጫውን በፎጣ አስሮ ነበር የሚረጨው። ፎጣ አቧራ ይይዛል እንጂ ይሄን ትነት አይይዝም። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ጭምብል ያስፈልገዋል። እናንተ ከሩቅ አይታችሁ «ዋው» የምትሉት ማብረቅረቅ በዚያ ልጅ ሳንባ የተወለወለ ነው። የጋሼ ብሩሽ ቢያንስ ጉም አይፈጥርም።

አንድ ወዳጃችን ይሄን ጽሑፍ ገና በጅምሩ ሰምቶ ተከራከረን። «ደባርቅ የቱሪስት ከተማ ነች፤ እንግዳ በብሩሽ የተቀባ መኪና ሲያይ ምን ይላል?» አለ። ደህና ጥያቄ ነው። ሰሜን ተራሮች በ1970 የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ ከ1989 እስከ 2009 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ነበር። ከዚያ ወጣ ብለን ሳንጨርስ በ2012 ኮሮና መጣ፣ በ2013 ጦርነት ተነስቶ በዓመቱ መጨረሻ ዳባት ወረዳ ድረስ ዘለቀ፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ እንደገና ግጭት ውስጥ ገባ። መኪናውን ለቱሪስት ሲያከራይ የኖረ ሰው እንግዳ ሳያይ ከራርሟል። እንግዲህ ይሄ ሰው ኪሱ ውስጥ ባለችው ትንሽ ብር ምን ያድርግ? እኛ መልሳችን ፍሬን ነው። ጎማ ነው። ብየዳ ነው። ከዚያ የተረፈውን በብሩሽ ይቀባ። እንግዳውም ጭላዳ ሊያይ ነው የመጣው፣ ኮፈን ሊያይ አይደለም። በሰላም መድረሱን ይመርጣል።

ስለዚህ የምንለው ይሄ ነው።

መርማሪዎች ሆይ፣ ከቀለሙ በፊት ላስቲኩን ግለጡ። ከሥር ገብታችሁ በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ኳኩ። ብረት ይጮኻል፣ ስቱኮ ዱብ ይላል።

የምትገዙ ሆይ፣ ማግኔት በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በሩ ሥርና ፓራፋንጎው ላይ አስጠጉት። ካልያዘ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ጥላችሁ ሂዱ።

ባለጋራዦች ሆይ፣ ለሚረጨው ልጅ ጭምብል ግዙለት።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ሆይ፣ አትፈሩ። ዝገቱን ፋቁ፣ ቀዳዳውን አስበይዱ፣ በስሱ ቀቡ። ሲጠይቋችሁ «ጊዜያዊ ነው» በሉ። እውነት ነውና።

እና እናንተ ሚኒባስ ውስጥ የነበራችሁ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች፣ ምናልባት ይሄን የምታነቡ ከሆነ፣ ፎቶውን አታጥፉት። ለጓደኞቻችሁ ስታሳዩ ግን ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩበት፤ «አራቱም ጎማዎቿ አዲስ ናቸው» በሉ።