ሽቦ የዘረጋ ሁሉ መርማሪ ነውን?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ሐይቅ ሄጄ ሳለሁ፥ አክስቴ እንጀራ የሚጋግሩት የጎማ ጫማ አድርገው መሆኑን አየሁ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፥ «ምጣዱ ይነዝራል፤ በባዶ እግር ከሆነማ ያስደነግጣል» አሉኝ። ነገሩ በቤቱ ከተለመደ ሰንብቷል፤ እንዲያውም ሕፃናቱ በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ይሳሳቁበታል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው።

የሰፈሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ መጣ። የቤቱን ሽቦ የዘረጋውም እርሱ ራሱ ነበር። ቴስተሩን ከኪሱ አውጥቶ ሶኬቱን ነካ፤ ትንሿ መብራት በራች። «ሽቦው ደኅና ነው፤ የክረምት እርጥበት ነው እማማ» ብሎ ሄደ። አክስቴም ወደ እኔ ዞረው፥ «አንተስ ልጄ፥ ይህንኑ አይደል የምትማረው? እስቲ እየው» አሉኝ። ውድ አንባቢያን፥ እውነቱን ልናገርና፥ አራት ዓመት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማርሁት እኔ ከዚያ ሰው የተሻለ የምናገረው ነገር አልነበረኝም። የማክስዌልን ቀመር በወረቀት ላይ እፈታለሁ፤ አንድ ምጣድ እንዴት እንደሚመረመር ግን በእጄ ሠርቼው አላውቅም።

ከሳምንት በኋላ አንድ አዛውንት ቴክኒሻን ከደሴ መጡ። እኚህ ሰው ዲግሪ የላቸውም፤ በሙያ ትምህርት ቤት ሠልጥነው፥ የብቃት ምዘናውን አልፈው፥ ብዙ ዓመት በሥራ ላይ የቆዩ ናቸው። በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር መሞከሪያ መሣሪያቸውን ራሱን መሞከር ነበር። ኮረንቲ እንዳለበት በታወቀ መስመር ላይ አዩት፤ የምጣዱን ብሬከር አጥፍተው ኮረንቲው መቋረጡን አረጋገጡ፤ ከዚያም ተመልሰው በሚሠራው መስመር ላይ መሣሪያውን ደግመው ሞከሩት። «መሣሪያው በመካከል ቢሞትስ? የሞተ መሣሪያ ሁልጊዜ ኮረንቲ የለም ነው የሚለው» አሉኝ። ቀጥለውም በ500 ቮልት መለኪያ የሽቦውን መሸፈኛ ፈተሹ፤ የቤቱ ሽቦ ከሚፈለገው ከ1 ሜጋ ኦም በላይ ሆኖ ሲገኝ፥ ምጣዱ ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ሆነ። በውጭ የተተከለውን የመሬት ብረት ሲለኩትም 100 ኦም ያህል አሳየ።

ይህ አኃዝ ምን ማለት እንደሆነ ማንኛችንም በክፍል በተማርነው ስሌት ልናወጣው እንችላለን። የምጣዱ ጥምዝምዝ ሽቦ አንድ ቀን ከብረት አካሉ ጋር ፈጽሞ ቢገናኝ፥ 220 ቮልት ለ100 ኦም ሲካፈል ወደ መሬት የሚሄደው 2.2 አምፔር ብቻ ነው። የምጣዱ ብሬከር ደግሞ 25 አምፔር የሚሸከም ነው። ስለዚህ ብሬከሩ ምንም አደጋ እንደሌለ ቆጥሮ ዝም ይላል፤ የምጣዱ አካል ግን 220 ቮልት ተሸክሞ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ሰውን ለመግደል የአምፔር ጥቂት መቶኛ ክፍሎች ይበቃሉ። ፍሳሽን ተከታትሎ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጠው መሣሪያ ቢገባ ግን፥ በዚያው በ100 ኦም የመሬት ብረት ላይ አካሉ ከ3 ቮልት ያህል በላይ ተሸክሞ ሳይቆይ መስመሩ ይቋረጣል። ሽማግሌው ይህንኑ አስገቡ፤ ምጣዱም ተለወጠ። ቴስተሩ ያየው የኮረንቲን መኖር ነው፤ ጥያቄው ግን ኮረንቲ አለ ወይ ሳይሆን ሲያመልጥ የሚይዘው አለ ወይ ነበር።

ይህን የማወራው የሰፈራችንን ሠራተኛ ለማማት አይደለም። እርሱ ሽቦ መዘርጋት ያውቃል፤ በፒንሳና በካቻቢቴ ብዙ ቤት አብርቷል። እኔም ቀመር አውቃለሁ። ሁለታችንም ግን መርማሪዎች አልነበርንም። መዘርጋት አንድ ሙያ ነው፤ መመርመርና መፈተሽ ሌላ ሙያ ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን፥ በሕንፃዎች የኤሌክትሪክ መስመር ደንቡ፥ በቁጥር 60364 ክፍል 6፥ ምርመራው በምርመራ ሥራ ብቃት ባለው የሠለጠነ ሰው ይከናወን ይላል። በእንግሊዝ አገርም መስመር ለመዘርጋት የሠለጠነ ሰው መርማሪ ሊሆን ሲፈልግ፥ ለምርመራና ለፍተሻ ለብቻው የተዘጋጀ ፈተና አለው። በእኛም አገር የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪውም ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። እንግዲህ ሕግ የለም ማለት አንችልም። የጎደለው ሕጉ እስከ አክስቴ ማድ ቤት ድረስ መድረሱ ነው።

መርማሪ ለምን በቦታው ላይ የተፈተነ ሰው መሆን እንዳለበት ለማየት ከሐይቅ ወደ አምባሰል መጓዝ ይበቃል። በሐይቁ ዳር ያለው መሬት እርጥብ ነው፤ እዚያ የተተከለ ብረት ኮረንቲን በቀላሉ ወደ መሬት ያሰርጋል። ከውጫሌ ወደ አምባው ሲወጣ ግን መሬቱ ዐለትና ጠጠር ነው፤ ያው ብረት፥ በያው ጥልቀት ተተክሎ፥ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቁጥር ያሳያል። በነሐሴ ተለክቶ ያለፈ በሚያዝያ ሊወድቅ ይችላል። መጽሐፉ የሚነግረን ቀመሩን ነው፤ የወሩንና የአፈሩን ነገር የሚያስተምረው ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ወጥቶ መለካት ነው።

ሌላው ጉዳይ የመርማሪው ነጻነት ነው። የዘረጋው ሰው ራሱ መርምሮ «ደኅና ነው» ሲል፥ በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ይህ ከውጭ የመጣ አሳብ እንዳይመስላችሁ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር ላደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የድጓ ተማሪ ከየትም መምህር ዘንድ ቢማር፥ ተቀባይነት ያለው መምህር ለመሆን ቤተልሔም ወርዶ ማስመስከር ነበረበት። ያስተማረው መምህር ስለ ወደደው ብቻ ድጓ ዐዋቂ አይባልም፤ በምስክር ቤቱ ሌላ ጆሮ ሊሰማው ይገባል። አባቶቻችን ለዜማ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፥ እኛ ለሰው ሕይወት ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል?

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው፥ «ባለሙያው ጥቂት፥ መስመር የሚሻው ቤት ብዙ ነው፤ መርማሪ ካልተገኘ መብራት አይግባ ብንል የገጠሩን ሕዝብ በጨለማ እንፈርድበታለን» ብለው ተከራከሩኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ለሁሉም ቤት መሐንዲስ ይምጣ የሚል የለም። ለአንድ መኖሪያ ቤት በሙያ ትምህርት ቤት ሠልጥኖ በምርመራ የተመዘነ ቴክኒሻን ይበቃል፤ ለወፍጮ ቤት፥ ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ደግሞ ከፍ ያለ ዕውቀት ያለው ሰው ይሁን። በልምድ የሠሩትንም ወንድሞቻችንን ማባረር አያስፈልግም፤ ያላቸው ዕውቀት ይመዘን፥ የጎደለው ይሟላላቸው፥ ወረቀቱ ይሰጣቸው። የሰፈራችን ሠራተኛ መለኪያውን ቢያገኝና አንድ ወር ቢሠለጥን፥ ከብዙዎቻችን ቀድሞ ጥሩ መርማሪ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

የሚከብደው ወቀሳ ወደ ራሳችን የሚዞረው ነው። ቆብ ጭነን ፎቶግራፍ የተነሣን ዕለት ለማንኛውም የኤሌክትሪክ ወረቀት ለመፈረም የበቃን ይመስለናል። ፊርማችን ግን አንድ እናት በባዶ እግሯ ምጣድ አጠገብ እንድትቆም የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ለመምህራኖቻችን ያለኝ ልመና ይህ ነው፤ ማንም የኤሌክትሪክ ተማሪ ቢያንስ ጥቂት ቤቶችን በዐዋቂ ቴክኒሻን ቁጥጥር ሥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መርምሮ፥ የለካውን በገዛ እጁ ጽፎ ሳያስረክብ አይመረቅ። አስተማሪው ቴክኒሻን ዲግሪ የሌለው ቢሆንም አናፍርበት። ለተማሪዎች ማኅበራችንም የማቀርበው አሳብ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴ፥ በሐይቅና በውጫሌ መስመር ባለፈ ጊዜ ብዙ የሕዝብ ተቋማት ተጎድተዋል፤ ከዚያ በኋላ በችኮላ የተቀጠለ ሽቦ ሁሉ የሚያየው ዐይን ይፈልጋል። በመጪው ዕረፍት ማኅበሩ ከወረዳዎቹ ጋር ተነጋግሮ፥ ብቃቱ በተረጋገጠ መርማሪ መሪነት፥ በሐይቅና በውጫሌ ካሉት ትምህርት ቤቶች ምርመራ ይጀመር። እኛ መለኪያ እንያዝ፥ እንጻፍ፥ እንማር፤ የሚፈርመው ግን የበቃው ሰው ይሁን።

አክስቴ ዛሬም ሲጋግሩ የጎማ ጫማቸውን አላወለቁም። «መሣሪያውን አምኜዋለሁ፤ ሰዉን ነው ገና ያላመንሁት» ይላሉ። ይህን እምነት የምናገኘው ሠርተን በማሳየት እንጂ ዲግሪ በማሳየት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ ነገሩ ይታሰብበት።