ብሩን የበላው «ብር» የሚለው ቃል ነው!

የፍቅር ጥያቄዎቻችሁን አንድ ሳምንት ታገሱኝና ዛሬ የሒሳብ ጉዳይ ላንሳ። ሒሳብ ስላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት! ነገሩ የአንዲት ልጅ ስም የጠፋበት፣ ትዳሯም ሳይጀመር ሊፈርስ የደረሰበት ነው።

ደብዳቤው የመጣው ከደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ነው። «የሰፈራችን ቅሬ ገንዘብ ያዥ ነኝ» ትላለች። (ቅሬ ወሎዬው እድርን የሚጠራበት ስም ነው፤ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቀባበርበት።) «በደብተር የነበረውን ሒሳብ ወደ ኤክሴል ያዞርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ ኮምፒዩተሩ ሳጥኑ ውስጥ 14,600 ብር መኖር አለበት አለ። ሲቆጠር 11,300 ሆነ። ማንም ሌባ ነሽ አላለኝም፤ ግን ቡናው እንኳ በዝምታ ተጠጣ። ከሁሉ የጎዳኝ እጮኛዬ ነው። ማታ ሲሸኘኝ ‹ለሠርጉ ብለሽ ወስደሽ ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ› አለኝ። ልተወው ወይስ ይቅር ልበለው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ፋይሉን በቴሌግራም እንድትልኪልኝ የጠየቅኩሽ ወድጄ አይደለም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ የለቃቀምኩትን ያህል ነው የማውቀው፤ ሌባውን ለመያዝ ግን በቃኝ። የወጪው ዓምድ ውስጥ ሦስት ሴሎች ላይ «1,400 ብር»፣ «1,100 ብር»፣ «800 ብር» ተብሎ ተጽፏል። ድንኳን ማሰፊያ፣ ከፈን መግዣ፣ ብረት ድስት። ደምሪያቸው እስቲ፤ 3,300! ስጠይቅሽ ደግሞ አሞሽ በተኛሽበት ሳምንት የሞላው ታናሽ ወንድምሽ እንደሆነ ነገርሽኝ።

ኤክሴል ከቁጥር አጠገብ እንዲህ ፊደል ካየ ሴሉን እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። «ሳም» የተባለው የድምር ፎርሙላ ደግሞ ጽሑፍ ሲያጋጥመው አይጮህም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። በዚህ የተነሳ ሦስቱ ወጪዎች እንዳልወጡ ሆኑ፤ ቀሪው ሒሳብ አበጠ። ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ስለሚጠጋ በዓይን ይለይ ነበር። አንቺ ግን ለማሳመር ብለሽ ሁሉንም መሀል ላይ ደርድረሽዋል!

እናንተም የእቁብ፣ የእድር፣ የሱቅ ሒሳብ የምትይዙ ይቺን ልብ በሉ፤

1. «ብር» የሚለው ቃል የዓምዱ ራስጌ ላይ አንዴ ይጻፍ፤ ሴሉ ውስጥ ቁጥር ብቻ። ለማጣራት፣ «ካውንት» ቁጥሮችን ብቻ ይቆጥራል፣ «ካውንትኤ» ደግሞ ባዶ ያልሆነውን ሴል ሁሉ። ከራስጌው በታች ያለውን በሁለቱም ቁጠሩ፤ ካልተስማሙ ጽሑፍ የሆነ ነገር ተደብቋል።

2. ለአንድ አባል አንድ ረድፍ። በፊደል ተራ ስታስይዙ ሰንጠረዡን በሙሉ ምረጡ። የስሙን ዓምድ ብቻ ካዞራችሁ ገንዘቡ ባለበት ይቀርና የአንዱ ዕዳ ለሌላው ይሆናል።

3. «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት ሰው። ለእያንዳንዱ አባል መለያ ቁጥር ስጡ።

4. ከታች አዲስ ረድፍ ስትጨምሩ ፎርሙላው እዚያ ድረስ መድረሱን እዩ። ይሄ የሃርቫርድ ምሁራንን እንኳ አሳስቷል። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥታት ዕዳ ባወጡት ጥናት የኤክሴል ፎርሙላቸው አምስት አገሮችን ትቶ ነበር። በ2013 ከባልደረቦቹ ጋር ያጋለጠው ቶማስ ኸርንደን የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ደረሰኞቹን ይዘሽ ሽማግሌዎቹ ፊት ቅረቢ፣ ሦስቱን ሴሎች በጣትሽ አሳያቸው፣ «ብር» የሚለውን እያጠፋሽ ድምሩ ሲስተካከል ራሳቸው ይዩት። ወንድምሽን አትቆጪው፤ ሊያግዝሽ ብሎ ነው።

እጮኛሽስ? ገንዘብ ሲጎድል መደንገጥ የሰው ነው። ግን «ወስደሽ ከሆነ» ከማለቱ በፊት «እስቲ ፋይሉን አብረን እንየው» ማለት ይችል ነበር። ሒሳቡ ሲጣራ ምን እንደሚል አድምጪው። ይቅርታ ከጠየቀሽ ይቅር በይው። «ታዲያ ምን አልኩ?» ካለሽ ግን፣ እህቴ፣ ያልተስተካከለው ኤክሴሉ ብቻ አይደለም።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!