የኔትወርክ ትምህርት በእጅ ይሠራ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ገብቶ የኮምፒውተር ኔትወርክን ኮርስ ሳይወስድ የሚመረቅ ተማሪ የለም፤ ነገር ግን ኮርሱ በብዙ ስፍራ የሚሰጥበትን መንገድ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ተማሪው በመንፈቀ ዓመቱ ፍጻሜ ይዞት የሚወጣው ዕውቀት ኦኤስአይ የተባለውን ሥርዓት ሰባት እርከኖች ከላይ ወደ ታችና ከታች ወደ ላይ ሳያዛንፉ መቍጠር፣ ለድረ ገጽ 80ና 443፣ ለኢሜይል 25 የተባሉትን የፖርት ቍጥሮች ማስታወስ፣ ቲሲፒና ዩዲፒ በተባሉት የመላኪያ ደንቦች (ፕሮቶኮሎች) መካከል ያለውን ልዩነት በሠንጠረዥ መጻፍ ሆኖ ይታያል። ይኸው ተማሪ በመንገድ የጠፋን ፓኬት (ተከፋፍሎ የሚላክ የመልእክት ቍራጭ) የመተካቱ ኀላፊነት ስለ ምን በመካከል ባሉት ራውተሮች ላይ ሳይሆን በሁለቱ ዳርቻዎች ላይ እንደ ተጣለ፣ ወይም መንገዱ በተጨናነቀ ጊዜ ላኪው ኮምፒውተር ማንም ሳያዘው ስለ ምን ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ቢጠየቅ ግን ዝም ይላል፤ ዝምታውም ከስንፍና የመጣ ሳይሆን ጥያቄውን ከመምህሩም ከሞጁሉም ሰምቶት ስለማያውቅ ነው። እኔ የምለው፣ ይህ ኮርስ ተማሪው ፕሮቶኮሉን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ሲወድቅ አይቶ፣ የወደቀበትንም ምክንያት መርምሮ ካላነሣው በቀር ተማረው ሊባል አይገባም ነው።

ነገሩን ከጥንቱ ለመጀመር (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዘመናት ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሮበርት ካንና ቪንተን ሰርፍ በ1974 ዓ.ም. ያወጡትን፣ ለኢንተርኔት መሠረት የሆነውን ጽሑፍ ሲያዘጋጁ በፊታቸው የነበረው ችግር ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር ማገናኘት አልነበረም፤ ያማ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ አርፓኔት በተባለው ኔትወርክ ተሠርቶ ነበር። ችግራቸው በስልክ መስመር የሚሄደውን አርፓኔትን፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚነጋገረውንና በሳተላይት በኩል ውቅያኖስ የሚሻገረውን፣ ጠባያቸውም ፍጥነታቸውም የሚሸከሙት የፓኬት መጠንም የተለያዩትን ኔትወርኮች፣ አንዱም የውስጥ ሥርዓቱን ሳይለውጥ እንደ አንድ ሆነው እንዲያገለግሉ ማድረግ ነበር። ስለዚህም ከየኔትወርኩ የሚጠየቀውን ነገር እጅግ አሳነሱት፤ በመካከል የሚቆመው፣ ዛሬ ራውተር የምንለው ማገናኛ፣ የፓኬቱን አድራሻ አንብቦ ወደሚቀጥለው ከማሳለፍ በቀር ስለ ጭውውቱ ምንም እንዳይዝ፣ ቅደም ተከተሉን ማስተካከልና የጠፋውን መተካት ግን በላኪውና በተቀባዩ ላይ እንዲወድቅ አደረጉ። በ1974 ዓ.ም. ገና አገልግሎት ያልጀመረው የእጅ ስልክ ኔትወርክ ኋላ ተዘርግቶ ከኢንተርኔት ጋር ሊዋሐድ የቻለው፣ የሚጠየቀው ነገር ይህን ያህል ጥቂት ስለሆነ ነው። ተማሪዎቻችን የሚሸመድዷቸው ሰባቱ እርከኖች በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የጸደቁት በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ አርፓኔት ከ1983 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ከካንና ከሰርፍ ሐሳብ በወጡት በቲሲፒና በአይፒ ይሠራ ነበርና፣ ኢንተርኔት በሰባቱ እርከኖች ላይ የተሠራ አይደለም።

ኀላፊነቱን በሁለቱ ዳርቻዎች ላይ የጣለውን ያንን ውሳኔ በምክንያት ያጸኑት ጀሮም ሳልትዘር፣ ዴቪድ ሪድና ዴቪድ ክላርክ የተባሉ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሊቃውንት ናቸው፤ በ1984 ዓ.ም. በመጽሔት ባወጡት ሐተታ ያቀረቡት አንድ ታሪክ ለተማሪ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። በዚያው ተቋም ኔትወርኮቹን የሚያገናኙት ማለፊያዎች ፓኬቱ በመስመር ላይ እንዳልተበላሸ በየእርምጃው ይመረምሩ ስለነበር፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ መልእክታቸው በደኅና እንደሚደርስ አምነው የራሳቸውን ምርመራ ተዉ። ይሁን እንጂ ከማለፊያዎቹ አንዱ ፓኬቱን ከመቀበያው የማስታወሻ ስፍራ ወደ መላኪያው ሲገለብጥ፣ ከሚሊዮን ባይት አንድ ጊዜ ያህል፣ ሁለት ጎረቤት ባይቶችን ማለዋወጥ ጀመረ፤ ስሕተቱ የሚፈጸመው አንዱ ምርመራ ካለፈ በኋላ፣ ሁለተኛው ከመጀመሩ በፊት በመሆኑም ከጠባቂዎቹ አንዱም አላየውም። የአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምንጭ ጽሑፎች በዚያ በኩል ደጋግመው ሲመላለሱ ቆይተው ተበላሽተው ስለ ተገኙ፣ ባለቤቶቹ በወረቀት ታትመው ከቆዩ አሮጌ ቅጂዎች ጋር በዓይናቸው እያስተያዩ ለማረም ተገደዱ። በመንገዱ ላይ የቱንም ያህል ጠባቂ ቢቆም፣ የነገሩን መፈጸም ሊያረጋግጡ የሚችሉት ፍላጎቱ ያላቸው ሁለቱ ዳርቻዎች ብቻ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ሐተታ አላነበብሁም።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ በአገራችን ገበሬውም ነጋዴውም በእጅ ስልኩ ገንዘብ ይልካል፤ ትእዛዙ ከወጣ በኋላ መልሱ በመንገድ ቢጠፋ ላኪው ገንዘቡ ይድረስ አይድረስ ሳያውቅ ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። ቲሲፒ የሚሰጠው ማረጋገጫ ባይቶቹ ወደ ሌላው ኮምፒውተር መድረሳቸውን እንጂ፣ የገንዘብ ቤቱ መዝገብ ዝውውሩን መመዝገቡን አይናገርም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን መለያ ሰጥቶ፣ ሁለት ጊዜ የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈጸም ካላደረገ፣ የድኻ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። ይህን የሚሠራው ወጣት ያንን ኮርስ የወሰደ ነው። ማረጋገጫ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ከሠንጠረዥ ሸምድዶ ከሆነ ጉድለቱን ላያየው ይችላል፤ ራሱ ማረጋገጫ የሚልክና የሚጠብቅ ፕሮግራም ጽፎ ከሆነ ግን የማረጋገጫውን ወሰን በሚገባ ያውቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ ተማሪው በእጁ ሊነካው የሚገባው የ1986 ዓ.ም. የጥቅምት ወር ነገር ነው። በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ በ400 ያርድ፣ ማለት በ365 ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በሴኮንድ 32,000 ቢት ይተላለፍበት የነበረው መንገድ ወደ 40 ቢት ወረደ። መስመሩ አልተቆረጠም፤ መሣሪያም አልተሰበረም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የላከው ፓኬት ማረጋገጫ ሲዘገይበት ጠፋ ብሎ ደግሞ ይልካል፤ ድግግሞሹ መጨናነቁን ያብሳል፤ መጨናነቁም ሌላ መጥፋትን፣ መጥፋቱም ሌላ ድግግሞሽን ይወልዳል፤ ሁሉም ደንቡን ጠብቆ እየሠራ ሳለ ሁሉም ሥራ ፈታ። ቫን ጃኮብሰን ከማይክል ካረልስ ጋር ሆኖ በ1988 ዓ.ም. ያወጣው መድኃኒት በመካከል አዲስ ጠባቂ ማቆም አልነበረም፤ እያንዳንዱ ላኪ በጥቂት እንዲጀምር፣ መንገዱ እንደተመቸው ባየ ቍጥር በጥቂት በጥቂቱ እንዲጨምር፣ ፓኬት ሲጠፋበት ግን መጥፋቱን የመጨናነቅ ምልክት አድርጎ ወስዶ ያልተረጋገጠ ሆኖ በመንገድ ላይ ሊኖረው የሚችለውን መጠን በግማሽ እንዲቀንስ የሚያዝዝ ሥርዓት ነበር። ኢንተርኔት ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ሳይታነቅ የኖረው፣ የማይተዋወቁ ብዙ ኮምፒውተሮች፣ የሚያስገድዳቸው ዳኛ ሳይኖር፣ ለማያዩት ባልንጀራ ሲሉ ራሳቸውን ስለሚገዙ ነው። እኔ በዚህ ዘመን ከተሠሩት የሰው ጥበባት መካከል ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ያህል ነገር በአንድ ስላይድ ላይ በአራት ነጥብ ተዘርዝሮ ሲታለፍም ያሳዝነኛል።

በእጅ መሥራት ማለት ምን እንደሆነ ለማየት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን የኔትወርክ መግቢያ ኮርስ እንመልከት። እዚያ ተማሪው በመጀመሪያ ባይት ከአንድ ወገን ገብቶ በሌላው የሚወጣበትን ቀላል ቧንቧ በሲ ፕላስ ፕላስ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ተዛብተውና ተደራርበው የሚደርሱትን ቍርጥራጮች አቃንቶ የሚገጣጥመውን፣ ከዚያም ተቀባዩን፣ ከዚያም ሰዓት ቆጥሮ የጠፋውን የሚደግመውን ላኪ ይሠራል፤ በመጨረሻም የአይፒ ራውተሩን ይጨምራል፤ በራሱ ቲሲፒም እውነተኛ ድረ ገጽ ያመጣል። ለእኛ ይህ ሥርዓት እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የቅኔ ቤታችን ተማሪ ሰዋስዉን አጥንቶ የመምህራኑን ቅኔ ስለ ሸመደደ ባለ ቅኔ አይባልምና፣ በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ የራሱን ቈጥሮ ለመምህሩ እያቀረበ፣ እየተነቀፈና እየታረመ ደረጃ በደረጃ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ንባብና ዜማ ቃል በቃል እንዲጠና፣ ቅኔ ግን እንዲፈጠር የደነገጉት ሊቃውንት ለየትምህርቱ የሚስማማውን መንገድ ለይተው ያውቁ ነበር።

ዋናዎቹን ሰነዶች ማንበብም ከዚሁ ጋር ይሂድ። አርኤፍሲ ከተባሉት የኢንተርኔት ሰነዶች የመጀመሪያውን በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የጻፈው ስቲቭ ክሮከር ያን ጊዜ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር፤ ቪንተን ሰርፍና ጆን ፖስቴልም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ነበሩ። በፖስቴል አዘጋጅነት በ1981 ዓ.ም. የወጣው የቲሲፒ ሰነድና በ2022 ዓ.ም. የተተካበት አዲሱ ሰነድ ለማንም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። በተማሪዎች እጅ የተጀመረውን መዝገብ የእኛ ተማሪዎች በሦስተኛ ሰው ሞጁል ብቻ እንዲያውቁት የሚያስገድድ ምክንያት አይታየኝም።

የሚቀርቡብኝን መከራከሪያዎች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ነው፤ ፈተናው ከምርጫዎች ትክክለኛውን መለየት የሚጠይቅ በመሆኑ መምህሩ ለዚያ የሚበጀውን ማስተማሩ አይፈረድበትም ይባላል። ግን ቲሲፒን የጻፈ ተማሪ የቲሲፒን ጥያቄ መመለስ አያቅተውም፤ የእርከኖቹን ስም ለማጥናትም የአንድ ሳምንት ምሽት ይበቃዋል። ሁለተኛው የላብራቶሪ እጦት ነው፤ ይህ ከሁሉ የጠነከረ መስሎ ይታያል፤ ሆኖም ለዚህ ሥራ ውድ ራውተርም ስዊችም አያስፈልግም። ሊነክስ በተጫነበት በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ምናባዊ ኔትወርኮችን መሥራት፣ አብሮት በሚገኘው መሣሪያም ፓኬት እንዲዘገይ፣ እንዲጠፋና እንዲባዛ ማድረግ፣ የሚሆነውንም ዋየርሻርክ በተባለው የፓኬት መመልከቻ ፕሮግራም መመልከት ይቻላል፤ ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ ሶፍትዌሩ አስቀድሞ ከተጫነ የኢንተርኔት መስመር በጠፋበት ቀን እንኳ ይሠራል። ሦስተኛው፣ ስለ ተማሪ ብዛት የሚነሣው፣ ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ ሥራውን የሚፈትሽ ፕሮግራም አስቀድሞ ማዘጋጀት ሸክሙን ያቃልለዋል እንጂ ጨርሶ አያስወግደውም፤ ለዚህ ረዳት መምህራን ሊቀጠሩ ይገባል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም በጀት ሲይዙ ለሌላ ነገር ቅድሚያ እንዳይሰጡ እለምናለሁ።

የትምህርት ክፍሎች ኀላፊዎች ይህን በእጅ የመሥራት መንገድ ከሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት አንሥተው በአንድ ክፍል ተማሪዎች ሊሞክሩት ይችላሉ። የመጨረሻው ፈተናም በወረቀት አይሁን፤ ሁለት ተማሪዎች ለየብቻ የጻፏቸው ሁለት ቲሲፒዎች ከአሥር ፓኬት አንዱን በሚጥል መስመር ላይ እርስ በርሳቸው ይገናኙ፤ አንደኛው አንድ ፋይል ይላክ፣ ሁለተኛው ይቀበል፤ መምህሩም የደረሰውን ከተላከው ጋር ባይት በባይት አስተያይቶ፣ ልዩነት ቢያገኝ ስሕተቱ በየትኛው ወገን እንደሆነ ሁለቱንም በአፍ ይጠይቃቸው።