ረጅሙን ስም ከፍለን እንጥራ

«ባሲዲዮማይኮታ» የሚለው የሳይንስ ስም ሲነሣ ብዙ ተማሪ መካከሉን ውጦ ያልፈዋል። ሲከፈል ግን ባ–ሲ–ዲ–ዮ–ማይ–ኮ–ታ፥ 7 ቀለም ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ንባብ ድምፅ ከፍ የሚለው «ኮ» ላይ ነው። በግሪክኛ «ባሲዲዮን» ትንሽ መቆሚያ ማለት ሲሆን፥ «ማይኮ» እንጉዳይ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የምንበላው እንጉዳይና የገበሬውን ስንዴ የሚያጠፋው ዋግ ከዚሁ ወገን ናቸውና፥ ስሙን ያልያዘ ተማሪ ስለ ዋግ የተጻፈውን ፈልጎ ለወላጁ ለማስረዳት ይቸገራል። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ወደ ቁም ንባብ የሚደርሰው አስቀድሞ ፊደሉን እየነጠለ ቈጥሮ ነው። ስለዚህ መምህራኖቻችን እንዲህ ያለውን ስም በፊደላችን ከፋፍለው በሰሌዳ ቢጽፉልን፥ እኛም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ብንደጋግመው መልካም ይመስለኛል። ፊደል የቈጠረ ልጅ 7 ቀለም አያሸንፈውም።