የወንዞቻችን መድኃኒትና የአፋር ሸክላ አፈር

ባለፈው ሳምንት የቤቴን መሳቢያ ሳፀዳ ጊዜያቸው ያለፈ የአንቲባዮቲክ እንክብሎች አገኘሁ። እንደ ልማዴ መፀዳጃ ቤት ጨምሬ ውኃ ልለቅባቸው ስል እጄን ሰበሰብኩ። ከዚያስ ወዴት ይሄዳሉ?

መልሱ የሚያኮራ አይደለም። በእንግሊዙ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተመራና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት በ104 አገሮች 258 ወንዞችን ፈትሿል። በውኃው ውስጥ በተገኘው አማካይ የመድኃኒት ክምችት የፓኪስታኗ ላሆር አንደኛ፣ የቦሊቪያዋ ላፓዝ ሁለተኛ ስትሆን፣ ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ነበረች፤ በሊትር 51.3 ማይክሮግራም። መጠኑ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንቲባዮቲክን በትንሽ በትንሹ የሚቀምስ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለማመዳል። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ማዕዳችን ላይ ይቀርባል።

የምንውጠው መድኃኒት ከፊሉ ሳይለወጥ ከሰውነታችን ይወጣል። የተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ የተሠራው ግን ለሌላው ቆሻሻ እንጂ ለመድኃኒት ቅሪት አይደለም። አውሮፓውያን ለዚህ አክቲቬትድ ካርቦንና ኦዞን ይጠቀማሉ። ሁለቱም ውድ ናቸው። ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ሸክላ አፈር ያዞሩትም ርካሽ አማራጭ ፍለጋ ነው።

በአፋር ክልል የሚገኘው ቤንቶናይት አንዱ ነው። አፈሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረቡ እጅግ ስስ ንብርብሮች የተሠራ ሲሆን፣ ገጾቹ ኔጌቲቭ ቻርጅ አላቸው። ስለዚህ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ የስኳር ሕሙማን የሚወስዱትን ሜትፎርሚን፣ ስቦ በንብርብሮቹ መሀል ይይዛል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክም እንዲሁ። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን በውኃ ውስጥ ኔጌቲቭ ስለሚሆኑ አፈሩ ይገፋቸዋል። እነሱን ለመያዝ አፈሩ አስቀድሞ በሌላ ኬሚካል መታከም አለበት።

ይሁንና ለማጨብጨብ አንቸኩል። በላቦራቶሪ ንጹሕ ውኃ ላይ የሠራ አፈር በፍሳሽ ውስጥ ጨውና ሌላ ቆሻሻ ቦታውን ይሻማዋል። የቤንቶናይት ዱቄት ውኃ ሲነካው ስለሚያብጥ ማጣሪያውን ይደፍናል። ከሁሉም በላይ መድኃኒት የጠገበውን አፈር የት እናደርሰዋለን? ሜዳ ላይ ከደፋነው ዝናብ መልሶ ወንዝ ሊያወርደው ይችላል።

በእኔ እምነት ሸክላ አፈር አቃቂን አያጠራም። ሊረዳን የሚችለው ከምንጩ ላይ ነው፤ የሆስፒታሎችና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፍሳሽ ከከተማው ፍሳሽ ጋር ሳይቀላቀል። እዚያ ውኃው ጥቂት፣ መድኃኒቱ ብዙ፣ ተጠያቂውም የታወቀ ነው። ያገለገለውን አፈር ሰብስቦ ማቃጠልም የሚቻለው እዚያ ነው።

ወጪውን ማን ይሸፍን? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የከተማ ፍሳሽ ሕግ፣ ለተጨማሪው ማጣሪያ ከሚወጣው ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲከፍሉ ደንግጓል። እኛ ገና ፋብሪካ እየሳብን ባለንበት ጊዜ ይህን ጭነት እንዳለ እንቅዳው አልልም። ያቆሸሸ ይክፈል የሚለው መርህ ግን ለድሃ አገርም ይሠራል። አለበለዚያ ከፋዩ በወንዙ ውኃ ጎመን የሚያለማው ገበሬና ጎመኑን የሚበላው ሸማች ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለወንዞች ዳርቻ ልማት ብዙ ገንዘብ ፈሷል። ዳርቻው ማማሩን አልክድም። አሁን ተራው የውኃው ነው። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በወንዞቻችን ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን በየጊዜው ለክተው ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የአፋሩን አፈር በእውነተኛ የሆስፒታል ፍሳሽ ላይ ይፈትኑት። ያልተለካ ነገር አይታከምምና።

የእኔ እንክብሎች እስካሁን መሳቢያው ውስጥ ናቸው። የት ልመልሳቸው ብዬ የጠየቅኳቸው ሁለት ፋርማሲዎች መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ሽንት ቤት ጨምራቸው»።